ከወንበሩ በስተግራ፦ የጥርስ ሐኪም ረዳት ለመሆን

ጥርስ ለማስሞላት ወንበሩ ላይ ተጋድመው አፍዎን ሲከፍቱ ከላይዎ የሚያንዣብበው አራት እጅ ነው። ሁለቱ የሐኪሙ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ በግራዎ በኩል የተቀመጠችው ረዳት እጆች ናቸው፤ በአንዱ ምራቁንና ውኃውን በቱቦ ትመጥጣለች፣ በሌላው ሐኪሙ ቀጥሎ የሚፈልገውን መሣሪያ ይዛ ትጠብቃለች። ልብ ብለው ካዩ የእሷ መቀመጫ ከሐኪሙ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በሐኪሙ እጅ ላይ አሻግራ አፍ ውስጥ ማየት ስላለባት ነው።

አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሥራውን እንዳለ «ዴንታል አሲስታንት» ይሉታል። አማርኛው «የጥርስ ሐኪም ረዳት» ነው፤ ግን «ረዳት» ሲባል ታክሲ በር ላይ ቆሞ ሂሳብ የሚሰበስበው ልጅ ቀድሞ ትዝ ስለሚለን መሰለኝ ብዙም አልለመደልንም። ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበው ሥራውን ከሃይጂኒስት ጋር ማምታታት ነው። ጥርስ የምታጸዳው ሃይጂኒስቷ ናት፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተምራ የራሷን ፈቃድ ታወጣለች። ልዩነቱ ኪስ ውስጥም ይታያል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ባወጣው አሃዝ የአሲስታንት መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 47,300 ዶላር፣ የሃይጂኒስት 94,260 ዶላር ነበር። መካከለኛ ማለት ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። «አሲስታንትነቱን ልማርና ክሬዲቱን ይዤ ወደ ሃይጂኒስትነት እሻገራለሁ» ብሎ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይከፋዋል፤ ሁለቱ ለየብቻ የቆሙ ትምህርቶች ናቸው።

በአገር ደረጃ አንድ ወጥ ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ደንብ ያወጣል። በአንዳንዱ ስቴት ሐኪሙ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ቀጥሮ እዚያው እያሠራ ማሠልጠን ይችላል። ዋሽንግተን ስቴት ላይ ግን ረዳቱ በስቴቱ መመዝገብ አለበት፤ ሚኒሶታ ደግሞ ፈቃድ ላለው ረዳት ብቻ የተተዉ ሥራዎች አሏት። ስለዚህ ሲያትል ያለች እህት የነገረችን ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ሥራው ላይ እየሠሩ መማር ከተቻለ ኮሌጅ ለምን ያስፈልጋል? አንዱ መልስ ብሔራዊው የምስክር ወረቀት ነው። «ዳንቢ» የሚባለው የጥርስ ረዳቶች ብሔራዊ ቦርድ «ሲዲኤ» የተባለውን ማዕረግ የሚሰጠው ሦስት ፈተና ላለፈ ሰው ነው፤ ወንበር ዳር የሚሠራው ሥራ፣ የጨረር ደኅንነት እና ኢንፌክሽን መከላከል። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ለዚህ ማዕረግ ለመብቃት አስቀድሞ 3,500 ሰዓት መሥራት አለበት። «ኮዳ» በሚባለው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ኮሚሽን ከጸደቀ ትምህርት ቤት የተመረቀ ግን ያን ሁሉ ሰዓት ሳይጠብቅ ይፈተናል። ሦስተኛም በር አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ዲግሪ ይዘው የመጡ ሐኪሞች በዚያው ዲግሪያቸው ለፈተናው ማመልከት ይችላሉ።

ኮዳ ከአንድ ፕሮግራም የሚጠይቀው ቢያንስ 900 የትምህርት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 300ው ክሊኒክ ውስጥ በተግባር የሚሠራ ነው። በሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው አንድ የትምህርት ዓመት ገደማ ይፈጃል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ላለ አንባቢ ለምሳሌ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ እኛ «ኖቫ» የምንለው፣ የጤና ትምህርቶቹን በሚሰጥበት የስፕሪንግፊልድ ካምፓስ ይህን ሠርተፊኬት ያስተምራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ዝቅ ባለው የነዋሪዎች የትምህርት ክፍያ ለመማር አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሞልቶ ያለፈ ተማሪ ፔል ግራንት ያገኛል፤ ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። ግሪን ካርድ ያላቸውም፣ በስደተኝነትና በጥገኝነት የገቡም ማመልከት ይችላሉ።

የ10 እና የ12 ሳምንት ኮርስ የሚሰጡ የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ። ሁሉም አይረቡም አልልም። ግን «በኮዳ የጸደቃችሁ ናችሁ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ ፈገግ ብሎ «የሥራ ምደባ አለን» ብሎ የሚመልስ ጽሕፈት ቤት ካጋጠመዎ ቦርሳዎን አይክፈቱ።

ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚያደናግረው የጥርስ ቁጥር ነው። አሜሪካኖች የአዋቂ ጥርስን ከ1 እስከ 32 ይቆጥራሉ። 1 የታካሚው የላይኛው ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ ነው፤ ከዚያ በላይኛው ረድፍ ወደ ግራ እስከ 16 ይሄዳሉ፣ ወደ ታች ወርደው ከግራ 17 ብለው ወደ ቀኝ ይመለሱና 32 ላይ ያበቃሉ። የልጅ ጥርስ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አብዛኛው የቀረው ዓለም ግን አፍን በአራት ከፍሎ በሁለት አሃዝ ይጽፋል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ በዚያኛው አቆጣጠር «16» የላይኛው ቀኝ አንደኛ መንጋጋ ነው፣ በአሜሪካኑ ደግሞ የላይኛው ግራ የመጨረሻው መንጋጋ። ሌላ አገር ሠርታ የመጣች ረዳት በልማድ ብትጽፍ ያመለከተችው ሌላ ጥርስ ነው፣ ያውም በሌላኛው ጎን። «ቀኝ» ሲባልም የታካሚው ቀኝ እንጂ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ቀኝ አይደለም።

ከዚያ እጅ ይፈተናል። የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበት አልጂኔት የሚባል ዱቄት አለ፤ በጎማ ሳህን በውኃ ይለወሳል። ገንፎ ያገነፋ ሰው እዚህ ላይ አይቸገርም፤ ጥበቡ ከሳህኑ ግድግዳ ጋር እየጨፈለቁ የአየር አረፋውን ማስወጣት ነው። የተለየው ጊዜው ነው፤ ደቂቃ ተኩል ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ታካሚው ካልጎረሰው ሳህኑ ውስጥ ይረጋል። ቀዝቃዛ ውኃ ትንሽ ጊዜ ይገዛል፣ ሙቅ ውኃ ያጣድፋል። ተማሪዎች ይህን እርስ በርስ አፍ ላይ ሲለማመዱ ማየት ከአንድ ሰዓት ሌክቸር ይበልጣል።

ስለ ራጅ ሲማሩ አንድ ሕግ ይደጋገማል፤ ረዳቷ ፊልሙን ወይም ሴንሰሩን በታካሚው አፍ ውስጥ በእጇ ይዛ ማንሳት ክልክል ነው። ለምን እንደሆነ የአንድ ሰው ታሪክ ያሳያል። የኒው ኦርሊየንሱ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ በ1885 በአሜሪካ የመጀመሪያዋን የጥርስ ረዳት ቀጠረ የሚባልለት ሰው ነው። የጥርስ ራጅን ካስጀመሩትም አንዱ ነበር። ጨረሩን በገዛ እጁ እየፈተሸ ሲሠራ ኖሮ ካንሰር ያዘው፣ ጣቶቹን ቀጥሎም ክንዱን አጣ፣ በ1928 ራሱን አጠፋ።

ታካሚው የማያየው ሥራ ደግሞ ጓዳ ነው። መሣሪያው ታጥቦ፣ ታሽጎ፣ በእንፋሎት ግፊት በሚሠራው ኦቶክሌቭ ይቀቀላል፤ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ። ማሽኑ በእርግጥ ጀርም መግደሉን ለማወቅ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሙቀት የሚቋቋም ባክቴሪያ ዘር ውስጡ ገብቶ ይፈተናል። በሙቀቱ ቀለም የምትቀይረው ጠቋሚ ወረቀት ብቻዋን አትበቃም። ትጉ ረዳት የምትለየው እዚህ ነው እላለሁ፣ ማንም በማያያት ቦታ።

ከመመዝገብዎ በፊት ስለ ሁለት ወረቀቶች ይወቁ። አንዱ የቲቢ ምርመራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በልጅነት ቢሲጂ የተከተበ ሰው በቆዳ ምርመራው ክንዱ ሊያብጥና «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል፤ የደም ምርመራው ግን በቢሲጂ አይታለልም፣ ስለዚህ እሱን ይጠይቁ። ሁለተኛው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። በሽታው አገራችን ውስጥ የተስፋፋ ስለሆነ መጀመሪያ በደም ምርመራ ያለዎትን ይወቁ። የተለመደው ክትባት ሦስት መርፌ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ። በወር ልዩነት በሁለት መርፌ የሚያልቅም አለ፣ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሦስቱን የሚወጉ ከሆነና ትምህርቱ ኦገስት መጨረሻ ላይ የሚጀምር ከሆነ የመጀመሪያው መርፌ ፌብሩዋሪ ላይ መወጋት አለበት።