«እንዴት አወቅህ?» — ስለ አንድ የሳይንስ ዝግጅትና ስለ አድማጮቹ ክርክር

ለመሆኑ ፖድካስት ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችን ስሙን እናውቀዋለን፤ ለማያውቁት ግን ከዚህ መጀመር ይበጃል። ፖድካስት በኢንተርኔት የሚለቀቅ የድምፅ ዝግጅት ነው። ከሬዲዮ የሚለየው ሰዓት ተጠብቆ የሚደመጥ አለመሆኑ ነው። ስልካችን ላይ አውርደን በፈለግነው ጊዜ እንከፍተዋለን፣ እናቆመዋለን፣ ያልገባንን መልሰን እንሰማዋለን። ይህች «ማቆም» የምትባል ነገር ቀላል አትምሰላችሁ፤ ከዚህ በታች እንደምንመለከተው ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ሲቆም ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ መንገድ ስለሚሠራጭ አንድ የሳይንስ ዝግጅት ነው። በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚሰናዳ ሲሆን «ዘ ስኬፕቲክስ ጋይድ ቱ ዘ ዩኒቨርስ» ይባላል። ወደ አማርኛ ቢመለስ «የተጠራጣሪዎች መመሪያ ስለ ዓለም» እንደ ማለት ነው። የተጀመረው በ2005 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን)። መሪው ዶክተር ስቲቨን ኖቬላ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የነርቭ ሐኪም ናቸው። ከወንድሞቻቸው ከቦብና ከጄ፣ ከጓደኛቸውም ከኢቫን በርንስቲን ጋር ሆነው ሲያዘጋጁት እስካሁን ከ1,000 በላይ ዝግጅቶች ተለቀዋል።

በዝግጅቱ ውስጥ በጣም የሚወደደው ክፍል «ሳይንስ ወይስ ፈጠራ?» የሚባለው ጨዋታ ነው። መሪው ብዙውን ጊዜ ሦስት የሳይንስ ወሬዎችን ያነባሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ውሸት ነው። ጓደኞቻቸው ውሸቱን ለይተው እንዲያወጡ ይጠየቃሉ። ዝም ብሎ መገመት ብቻ ግን አይበቃም፤ ለምን እንደ መረጡት ምክንያታቸውን ጮክ ብለው ያስረዳሉ። እዚያ የተቀመጡት ስንት ዓመት ሳይንስ ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች ሆነው ሳለ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ተሳስተውም ይስቃሉ። አድማጮችም ዝም አይሉም። ደብዳቤ ይልካሉ፣ «እንዲህ ያላችሁት ስህተት ነው» ይላሉ፣ አዘጋጆቹም ደብዳቤውን አንብበው እርማት ይሰጣሉ።

እኛ ጥቂት ሠልጣኞች ይህንን ዝግጅት ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ አብረን እናዳምጣለን። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንብን በየሁለት ደቂቃው እናቆመዋለን። ጆሮው ፈጠን ያለው ይተረጉማል፣ ሌላው «እሱ አላለም» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ክርክር ነው። ጨዋታው ላይ ስንደርስም መልሱ ከመነገሩ በፊት አቁመን እያንዳንዳችን ምርጫችንን ከነምክንያቱ እንናገራለን። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ክርክሩ ከዝግጅቱ ይረዝማል።

«ተጠራጣሪ» ስድብ ነው ወይስ ምስጋና?

በመጀመሪያ ጭቅጭቅ ያስነሳብን ይኸው ቃል ነበር። በእኛ አነጋገር «እሱ እኮ ተጠራጣሪ ነው» ሲባል ሰው የማያምን፣ ለጓደኝነት የማይመች ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለዋል። ታዲያ የትኛው ነው?

ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማንበት ይህ ነው። በዚህ ዝግጅት አነጋገር ተጠራጣሪ የሚባለው ማስረጃ እስኪያይ ድረስ ፍርዱን የሚያቆይ፣ ማስረጃውን ካየ በኋላ ደግሞ የቀድሞ ሐሳቡን ለመለወጥ የማያፍር ሰው ነው። ሁሉን የሚያምንና ሁሉን የሚክድ ሰው ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ከመመርመር ድካም ተገላግለዋል።

«ታዲያ ይህ ሃይማኖትን መንካት አይደለም ወይ?» ብላ አንዲት ጓደኛችን ጠይቃ ነበር። ዶክተር ኖቬላ ደጋግመው እንደሚያስረዱት ሳይንስ ሊፈርድ የሚችለው ሊፈተን በሚችል ነገር ላይ ብቻ ነው። «ይህ ቅጠል ወባን ያድናል» የሚል ንግግር ይፈተናል። በምንም መንገድ ሊፈተን የማይችል ነገር ግን ከሳይንስ ሚዛን ውጭ ነው።

የክብሪቱ ክርክር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አንድ ቅዳሜ ማታ «ከእሱ በኋላ ስለ ሆነ፣ በእሱ ምክንያት ሆነ» ስለሚባለው የአስተሳሰብ ስህተት እናወራ ነበር። ዶሮ ጮኸ፣ ከዚያ ጎሕ ቀደደ፤ ስለዚህ ጎሕ የሚቀደው ዶሮ ስለ ጮኸ ነው እንደ ማለት ነው። ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው ግን አንዱ ጓደኛችን «እሺ፣ የክብሪቱስ ነገር?» አለ። ሳቁ ቆመ።

እንደሚታወቀው በአገራችን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ጭሱን እንዲያሸት ይደረጋል። ከመካከላችን ይህንን ያላየ የለም። «በዓይኔ አይቻለሁ፤ ክብሪቱ ተጫረ፣ ሰውዬው ነቃ። በዓይን የታየ ነገር እንዴት ይካዳል?» አለ ጓደኛችን። እውነቱን ነው፤ ያየውን ነው የተናገረው። ጥያቄው ያየው ነገር ምን ያህሉን ያስረዳል ነው።

የሚጥል በሽታ የሚመጣው በአንጎል ውስጥ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት በድንገት ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲልኩ ነው። ይህ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባለው ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይቆማል። እንግዲህ እናስላው። ሰውዬው ወደቀ፤ ሰዎች ተጯጯሁ፤ «ክብሪት! ክብሪት!» ተባለ፤ አንዱ ወደ ሱቅ ሮጠ፤ መጣ፤ ጫረ። በዚህ መካከል ደቂቃዎች አልፈዋል። መንቀጥቀጡ ሊቆም ሲል ክብሪቱ ደረሰ፤ ምስጋናውን ወሰደ።

ያ ጓደኛችን ግን በዋዛ አልለቀቀንም። «ክብሪቱ ባይኖር የበለጠ ይቆይ እንዳልነበር በምን አወቃችሁ?» አለን። ይህ ትክክለኛ የሳይንስ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ወረቀት ላይ አራት ሳጥን ሣልን። አንደኛ፣ ክብሪት ተጭሮ ቶሎ የቆመ፤ ሁለተኛ፣ ክብሪት ተጭሮ ቶሎ ያልቆመ፤ ሦስተኛ፣ ሳይጫር ቶሎ የቆመ፤ አራተኛ፣ ሳይጫርም ቶሎ ያልቆመ። ክብሪት ይሠራል ለማለት አራቱንም ሳጥን ቆጥሮ ማወዳደር ያስፈልጋል። የእኛ ትዝታ ግን የሚያስቀምጠው አንደኛውን ሳጥን ብቻ ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ወድቆ፣ ክብሪት የሚጭር ሳይኖር ራሱ የነቃበትን ጊዜ ማን ቆጠረው? ማንም። የታየው ነገር ውሸት ሳይሆን ድምዳሜው ውሸት ሊሆን የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረ ሌላ ጓደኛችን ተናገረ። ዘመዱ ይህ ሕመም እንዳለባት፣ በልጅነቷ በክብሪት አፍንጫዋ ተቃጥሎ ጠባሳው አሁንም እንዳለ፣ ትምህርቷንም ያቋረጠችው ልጆች አብረዋት አንቀመጥም ስላሉ መሆኑን ነገረን። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ዛሬ በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሚገባ ቢመረመሩና ቢታከሙ እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑት ከመውደቅ ሊድኑ ይችላሉ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በምራቅም፣ በመንካትም፣ አብሮ በመቀመጥም አይመጣም። ስለዚህ ነገ ክፍላችን ውስጥ አንድ ተማሪ ቢወድቅ የምናደርገው የሚከተለው ነው፦

ሀ/ ሰዓት እናያለን፤ መንቀጥቀጡ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ እናውቃለን።
ለ/ ወንበርና ድንጋይ የመሰለውን ጠንካራ ነገር ከአጠገቡ እናርቃለን፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር እናደርጋለን።
ሐ/ በጎኑ እናስተኛዋለን፤ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ እናላላለን።
መ/ ማንኪያም ሆነ እንጨት አፉ ውስጥ አንከትም፤ በኃይል ጨብጠን አንይዘውም፤ ክብሪት አንጭርም።
ሠ/ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሳይነቃ ከደገመው ወይም ከተጎዳ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም እንወስደዋለን።
ረ/ እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ እንቆያለን። ሌሎቹን ተማሪዎች ራቅ እናደርጋለን፤ ሲነቃ የሚያፍረው እሱ ነውና።

አንድ ነገር እንጨምር። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን አቋርጦ እንደ ሆነ መንቀጥቀጡ ብሶ ሊመለስና ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። ጸሎቱንና ክኒኑን የሚያጣላቸው ነገር የለም፤ ክኒኑ ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥም።

መመርመር የዶክተሮች ሥራ ብቻ ነው?

«ይህ ሁሉ ላቦራቶሪ ላላቸው ነው፤ እኛ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ይዘን ምን እናደርጋለን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን፣ በተጠራጣሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ አንዳንድ አስታማሚዎች ሕመምተኛውን ሳይነኩ እጃቸውን ከሰውነቱ በላይ በማንቀሳቀስ «የኃይል መስክ» ይሰማናል፣ በዚያም እናክማለን ይሉ ነበር። ኤሚሊ ሮዛ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ሥራ ይህንን ልትፈትን ተነሳች። መሣሪያዋ ምን ነበር? አንድ የካርቶን መጋረጃ። አስታማሚው ሁለት እጁን በመጋረጃው ቀዳዳ አሳልፎ ያስቀምጣል፤ ልጅቷ ሳንቲም ጥላ በደረሳት መሠረት ከሁለቱ እጆቹ በአንደኛው ላይ እጇን ታንዣብባለች፤ እሱም በየትኛው እጁ ላይ እንዳለች በስሜቱ ይናገራል።

21 አስታማሚዎች በጠቅላላው 280 ጊዜ ተፈተኑ። በትክክል የመለሱት 123 ጊዜ፣ ማለት 44 ከመቶ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው እንኳ ግማሽ ያህሉን ያገኝ ነበር! ውጤቱ በ1998 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ፤ ልጅቷ ያን ጊዜ 11 ዓመቷ ነበር። ካርቶንና ሳንቲም ደግሞ የትኛውም ትምህርት ቤት አያጣም።

መምህሩስ አይፈተንም?

እስካሁን የተናገርነው ሌላውን ስለ መጠርጠር ነው። ራስንስ? በበርሊን ቪልሄልም ፎን ኦስተን የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ሐንስ የሚሉት ፈረስ ነበራቸው። «3 ሲደመር 2 ስንት ነው?» ሲሉት በኮቴው አምስት ጊዜ መሬት ይመታ ነበር። በ1904 አንድ አጣሪ ቡድን ተቋቁሞ ማጭበርበር እንደሌለበት መሰከረ። በእርግጥም ሰውዬው አላጭበረበሩም። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ግን ሌላ ነገር ገለጠ። ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን እንዳያይ ሲጋረድ፣ ፈረሱ ይሳሳታል። ለካስ ሐንስ ሒሳብ አያውቅም፤ የሚያነበው የጠያቂውን ሁኔታ ነው። ቁጥሩ ልክ ሲሆን ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በጥቂቱ ያነሳል፤ ፈረሱም ያኔ መምታቱን ያቆማል።

ጓዶች፣ ይህ ታሪክ የእኛው ነው! «ገባችሁ?» ስንል «አዎ!» የሚል የክፍል ሙሉ ድምፅ እንሰማለን። አንድ ልጅ ሰሌዳ ፊት አቁመን «ስንት ይሆናል?» ስንለው ፊታችንን እያየ «ስድስት... ሰባት... ስምንት» ይላል፤ ቅንድባችን ሲነሳ ያቆማል። እኛም «ጎበዝ!» እንላለን። ልጁ ያወቀው ስምንትን ነው ወይስ የእኛን ቅንድብ? ይህንን ለማወቅ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁሉም በየደብተሩ ጽፎ ካሳየን በኋላ መልሱን እንናገር፣ «ገባችሁ?» ከማለትም «እንዴት አገኘኸው?» እንበል።

ጥንቃቄ ያስፈልጋል

ይህንን ስንጽፍ «አዘጋጆቹ ያሉት ሁሉ ልክ ነው» ለማለት አይደለም። ክብሪትን ትተን ፖድካስትን ብናመልክ ምን ተሻሻልን? በዝግጅቱ የምንወደው ራሳቸው አዘጋጆቹ ከአድማጭ ደብዳቤ ሲደርሳቸው «ተሳስተናል» ማለታቸውን ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ አክብሮት ነው። «እንዴት አወቅህ?» በእኩዮች መካከል ያምራል፤ ለሽማግሌ ግን እንዲህ አይባልም። «አባባ፣ ይህንን ነገር እንዴት ሊያውቁት ቻሉ? እስቲ ያጫውቱኝ» ቢባል ጥያቄው ያው ነው፤ ሽማግሌውም አይቀየሙም፣ እኛም ሳንማር አንቀርም። ክብሪት ይዘው የሚሮጡት ጎረቤት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሊረዱ ነው የሚሮጡት። ያንን ደግነት ሳንሰብር አቅጣጫውን ማስያዝ የመምህር ሥራ ነው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከእኛ ብዙዎቻችን ሐኪም ርቆ ወደሚገኝበት ገጠር እንመደባለን። እዚያ «መምህሩ ብሏል» የተባለ ነገር ሳይመረመር ከቤት ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ከአሁኑ እንልመድ። እያንዳንዱ አንባቢ በሰፈሩ እንደ እውነት የሚነገር፣ ሊፈተን የሚችል አንድ አባባል በወረቀት ላይ ጽፎ አራቱን ሳጥኖች ከሥሩ ይሣልና ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ሳጥን ይጨምርልን። ቅዳሜ ማታ እያነበብን እንከራከርበታለን። መምህራኖቻችንም ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ወንበር አናጣላችሁም፤ «እንዴት አወቁ?» ማለታችን ግን አይቀርም።