ስለ መርሳት በሽታና ስለ ዶክተር ሎፔራ የምርምር ሥራ



በአገራችን አንድ ሽማግሌ የልጆቹን ስም ሲያምታታ፥ የነገሩትን ወዲያው ሲረሳ፥ ከለመደው የቡና ማሳ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ሲጠፋው «ጃጀ» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን ሽማግሌ ሁሉ አይጃጅም። በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው የዘር ሐረግ ሳይስቱ የሚቈጥሩ አባቶችና እናቶች አሉ። እንግዲህ መርሳትን የሚያመጣው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የአንጎል በሽታ ነው። ከእነዚህም በሽታዎች በብዛት የሚገኘው አልዛይመር ይባላል።

ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። እኒህ ሐኪም በ1906 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የአንዲት በሽተኛ አንጎል ከሞተች በኋላ በማይክሮስኮፕ መርምረው፥ በሕዋሳቱ መካከል የተጋገረ ዝቃጭ፥ በሕዋሳቱም ውስጥ የተወሳሰበ ክር የመሰለ ነገር አገኙ። ሕዋሳቱ እየሞቱ ሲሄዱ በመጀመሪያ የሚጠፋው የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። ስለዚህ በሽተኛው የልጅነቱን ነገር እያጫወተን የዛሬ ቁርሱን ይረሳል።

ይህን በሽታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ፍራንሲስኮ ሎፔራ ናቸው። የተወለዱት በ1951 በኮሎምቢያ፥ አንቲዮኪያ በሚባለው ተራራማ አገር ነው። አንቲዮኪያም እንደ እኛ አገር ቡና የሚበቅልበት ምድር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገና ወጣት ሐኪም ሳሉ፥ ዕድሜው ሃምሳ ያልሞላ አንድ ገበሬ ሁሉን እየረሳ ወደ እርሳቸው መጣ። ሲጠይቁ አባቱም አያቱም እንዲሁ ሆነው መሞታቸውን ሰሙ። ሌላ ሰው ቢሆን «ያሳዝናል» ብሎ በተወ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ገጠሩ ወጡ።

ሕዝቡ በሽታውን እርግማን ነው፥ ጥንቆላ ነው ይል ነበር። ዶክተር ሎፔራና ሉሲያ ማድሪጋል የተባሉት ነርስ ቤት ለቤት እየዞሩ የዘር ሐረግ ጻፉ፤ የአብያተ ክርስቲያናትንም የጥምቀትና የሞት መዝገብ አገላበጡ። በዚያ ዘመን አገሩ በጦርነት ይታመስ ስለ ነበረ ነርሷ ለጥቂት ቀናት በአማፅያን እጅ ወድቀው ነበር። ሆኖም ሥራው አልቆመም። በመጨረሻ 6000 ያህል ሰዎች ያሉበት የአንድ ዘር ሐረግ ተገኘ። በ1995ም የበሽታው ምክንያት ፕሬሰኒሊን 1 በሚባለው ዘረ መል ላይ ያለ አንዲት ስሕተት መሆኗ ታወቀ። ይህችን ስሕተት ከያዘ ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ የወረሰም አብዛኛውን ጊዜ በአርባዎቹ ዕድሜ መርሳት ይጀምራል።

በ2013 ገና ላልታመሙት የዘሩ ሰዎች አንድ መድኃኒት መሞከር ተጀመረ፤ በ2022 ግን በሽታውን እንዳላገደው ታየ። ቢሆንም ሌላ ተስፋ ነበር። ስሕተቱን ወርሳ ሳለ እስከ ሰባ ዓመቷ ድረስ አእምሮዋ ያልተናጋ አንዲት ሴት ተገኘች። የጠበቃት ሌላ እምብዛም የማይገኝ የዘረ መል ለውጥ ሳይሆን እንደማይቀር በ2019 ተጻፈ። ዛሬ ሊቃውንት ይህን የሚመስል መድኃኒት ለመሥራት እየደከሙ ነው። ዶክተር ሎፔራ በ2024 አረፉ።

ከዚህ ሥራ የምንማረው ምንድን ነው? የምርምሩ ቁልፍ የተገኘው የገጠር ሰዎች ዘራቸውን ቈጥረው ስለ ነገሩ፥ የሞቱባቸውንም ሰዎች አንጎል ለምርምር ስለ ሰጡ ነው። በአገራችንም በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60000 በሚበልጡ ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታንና ሌሎችን የአንጎልና የነርቭ በሽታዎች ቤት ለቤት ፈልገዋል። ሕዝብ በሽታን ሲደብቅ ሐኪም ዕውር ይሆናል።

አልዛይመርን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ይሁን እንጂ የሚረሳ ሁሉ አልዛይመር ያዘው ማለት አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፥ የቪታሚን ጕድለት፥ ከባድ ኀዘንም ያስረሳሉ፤ እነዚህም ይታከማሉ። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የሚረሳውን ሽማግሌ በጓዳ ከመደበቅ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የደም ግፊትን በጊዜ ማስታከም፥ ትንባሆን መተው፥ መማርም አንጎልን ይረዳሉ። እኛም ተማሪዎች አያታችን አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ቢጠይቁን፥ አሥር ጊዜ በትሕትና እንመልስላቸው። ስማችንን ያወጡልን እርሳቸው ናቸውና፥ ዛሬ ስማችን ቢጠፋባቸው እኛ የእርሳቸውን ልንረሳ አይገባንም።