ጀልባ ከመግዛት አስቀድሞ፦ ስለ ናፍጣ ሞተር የመጀመሪያ ሥልጠና

በዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። አበው ደብረ ጽዮን ይሉታል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው በዚህ ደሴት እንደ ተጠለሉና ሰባ ዓመት ያህል እንደ ቆዩ በትውፊት ይነገራል። የደሴቶቹ ባለቤት የሆነው የዘይ ሕዝብ በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ተክል እያሰረ በሠራው ታንኳ ለብዙ ዘመን ሲመላለስ ኖሯል። ታንኳ ቀዛፊው እስካልደከመ ድረስ ይሄዳል። ዛሬ ግን ካህኑም፣ ገበያተኛውም፣ ለኅዳር ጽዮን በዓል የሚሄደው ምእመንም በባለሞተር ጀልባ መሻገርን ለምዷል። ሞተር ደግሞ ሰው ሳይደክም በሌላ ምክንያት ይቆማል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው በጀልባው ውስጥ ከሌለም ጀልባው ከታንኳም ያነሰ ይሆናል፤ መቅዘፊያ እንኳ አልተጫነበትምና።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ከስምጥ ሸለቆ ከተሞችና ከሐይቅ ዳር አጥቢያዎች የሚመጡት የሰበካ ጉባኤያት ጥያቄዎች ናቸው። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ስለ ዋጋ፣ ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ሥሪት ናቸው። ሞተሩን ማን ይይዘዋል፣ ማንስ ያስተምረዋል የሚል ጥያቄ ግን እምብዛም አይቀርብም። እኛም ራሳችን ከወቀሳው አናመልጥም፤ አንዲት ስሟን የማንጠቅሳት ደብር ያቀረበችውን ዕቅድ አንብበን፣ የጀልባው፣ የሞተሩና የማጓጓዣው ዋጋ በዝርዝር ሲሰፍር የሥልጠና መስመር አለመኖሩን ሳናስተውል አልፈናል።

ያለፍነውን ነገር ያስተዋልነው በውኃው መካከል ነው። ወደ ደሴት ስንሻገር ከግማሽ መንገድ በኋላ ሞተሩ ድምፁን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀነስ ከፍ አደረገና ጸጥ አለ። ነጂው ልጅ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ አዞረ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ነበርና ጀልባችን ወደ ደንገሉ ተገፋች። ሁለት ሽማግሌዎችና ሕፃን ያዘለች እናት አብረውን ነበሩ። ዓሣ አጥማጆች ባይደርሱልን ኖሮ በዚያው በመሸብን ነበር። በማግስቱ አንድ የወፍጮ መካኒክ መጥቶ አንዲት ብሎን አላልቶ፣ በእጁ ጥቂት ጊዜ ፓምፑን ገፋፍቶ ሞተሩን አስነሣው። የነዳጁ ማጠራቀሚያ ሊያልቅ ሲቃረብ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ ነበር፤ ሌላ ብልሽት አልነበረውም። ኮሚቴው ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሻጩ አታሎናል ብሎ ክስ ለመጻፍ ተዘጋጅቶ ነበር።

በሌላው ዓለም በመዝናኛ ጀልባ ማለትም በያት የሚጓዙ ሰዎች ብዙዎቹ መካኒክ አይደሉም። በእንግሊዝ አገር ሮያል ያቲንግ አሶሲየሽን የተባለው ማኅበር ለእነዚህ ሰዎች የአንድ ቀን የናፍጣ ሞተር ኮርስ አዘጋጅቷል። ዓላማው ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ ማውጣት አይደለም፤ ከወደብ ርቆ ሞተሩ የቆመበት ሰው ቀላሉን ችግር ራሱ እንዲፈታ፣ ከዚያም አስቀድሞ ችግሩ እንዳይደርስበት እንዲጠነቀቅ ማድረግ ነው። በአንድ ቀን የሚሰጠውን ይህን ትምህርት በእኛ ሁኔታ በሁለት ወይም በሦስት ቀን መስጠት ይቻላል፤ ተማሪው የያዘው ሞተር ራሱ ፊት ለፊቱ ቢቀመጥለት ይበልጥ ይበጃል።

የትምህርቱ መነሻ ናፍጣ እንዴት እንደሚነድ ማወቅ ነው። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ ነዳጁንና አየሩን በብልጭታ ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተሳካ ሁኔታ ያሳየው ሐሳብ ይህ ነው፤ አየር ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ፒስተኑ ያን አየር ከመጠኑ ወደ ሃያ እጅ አንድ እጅ ያህል ሲጨምቀው አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በዚህ ቅጽበት ናፍጣው እንደ ጉም ደቅቆ ሲረጭበት ራሱ ይነዳል። የሞተሩ ሥራ በአራት እርምጃ ይጠቃለላል፦ አየር መሳብ፣ መጭመቅ፣ ነድዶ መግፋት፣ ጢሱን ማስወጣት። (ናፍጣ የምንለው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ፊልትሮና ካንዴላም እንዲሁ። በጋራዥ ቤት የምንሰማው ቋንቋ የራሱ ታሪክ አለው።)

ከዚህ አንድ ትምህርት ብዙ ነገር ይከተላል። የናፍጣ ሞተር ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ናፍጣና በቂ ጭመቃ ካገኘ ይነሣል፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይነሣም። ባትሪ የሚያስፈልገው በአብዛኛው ለማስነሣት ብቻ ነው። ስለዚህም ብዙ የቆዩ ሞተሮች ቁልፉን በመዝጋት አይጠፉም፤ ናፍጣውን የሚቆርጥ ማጥፊያ እጀታ አላቸው። ቁልፉን አውጥቶ «ሞተሩ አልጠፋ አለኝ» ብሎ የሚደነግጥ ነጂ አይተናል።

አሁን ወደ አየሩ ነገር እንመለስ፤ ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ይህ ነውና። ናፍጣ ፈሳሽ ስለ ሆነ ፓምፑ ሲገፋው ግፊቱን ሳያጎድል እስከ መርጫው ያደርሳል። አየር ግን ይታመቃል። በመስመሩ ውስጥ ጥቂት የአየር አረፋ ካለ ፓምፑ የሚገፋው አረፋውን ስለሚያምቅ መርጫው አይከፈትም፤ ሞተሩም ይቆማል። አየር የሚገባው ነዳጅ ሲያልቅ፣ ፊልትሮ ሲቀየር ወይም የቱቦ መጋጠሚያ ሲላላ ነው። የሚወጣውም እንዲህ ነው፤ በናፍጣው ፊልትሮ ራስ ላይ ያለችው የአየር ማስወጫ ብሎን ጥቂት ትላላለች፤ በማንሻ ፓምፑ ላይ ያለችው እጀታ በእጅ ትገፋለች፤ በመጀመሪያ አረፋ ያለበት ናፍጣ ይወጣል፤ አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ ብቻ ሲፈስ ብሎኗ ትጠብቃለች። ቀጥሎ በመርጫ ፓምፑ ላይ ባለችው ብሎን ይኸው ይደገማል። አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች አየሩን ራሳቸው ያስወጣሉ፤ ቢሆንም የገዛነው ሞተር የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ በሐይቁ ላይ ሳይሆን በየብስ ላይ ሳለን ማወቅ ይገባል። ከመርጫው የሚወጣው ናፍጣ ግፊቱ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ሞተሩ ሲዞር እጅን ወደዚያ ማስጠጋት ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ጠላት በናፍጣ ውስጥ ያለ ውኃ ነው። በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በግድግዳው ላይ ጤዛ ያበጃል፤ ውኃው ከናፍጣው ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ በውኃውና በናፍጣው መካከልም ሕዋሳት ተራብተው ዝቃጭ ይሠራሉ፤ ፊልትሮንም ይደፍናሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማጠራቀሚያውን ሞልቶ ማሳደር፣ ናፍጣ ሲቀዳ ማጥለል፣ ከውኃ መለያው ሥር ያለችውን መክፈቻ በየጊዜው ከፍቶ የተጠራቀመውን በብርጭቆ ማየት።

የማቀዝቀዣው ነገር በጀልባ ላይ ከመኪና ይለያል። ብዙ የጀልባ ሞተሮች ራዲያተር የላቸውም፤ የሐይቁን ውኃ ስበው በእርሱ ይቀዘቅዛሉ፤ ብዙ ጊዜም ውኃውን ከጢሱ ጋር በጢስ ማውጫው ያስወጣሉ። ባሕር ላይ የሚጓዙት ጨው ብረታቸውን እንዳይበላ ይጨነቃሉ፤ ለእኛ የሚያስጨንቀን ደለልና አረም ነው። ዝዋይ ጥልቀቱ እጅግ ጥልቅ በሚባልበት ስፍራ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ውኃው ይደፈርሳል። የመቂና የቀታር ወንዞች በክረምት አፈር ያወርዱበታል። እምቦጭ ደግሞ በቆቃ፣ በዝዋይም ሆነ በጣና ስሙ የታወቀ ነው። ስለዚህ የውኃ መሳቢያው ወንፊት ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት መታየት አለበት። በውኃ ፓምፑ ውስጥ የምትዞረው የጎማ ክንፍ ያለ ውኃ ከዞረች በአጭር ጊዜ ትቃጠላለች፤ መለዋወጫዋ በጀልባው ውስጥ መኖር አለበት። ሞተሩ እንደ ተነሣ ነጂው ወደ ኋላ ዞር ብሎ ውኃ በጢስ ማውጫው መውጣቱን ይመልከት። ሞተሩ እንቢ ብሎ ደጋግሞ ማዞር ካስፈለገ ግን የውኃ መግቢያውን መዝጋት ይገባል፤ ያልተነሣ ሞተር ውኃውን ገፍቶ ማስወጣት ስለማይችል ውኃው ተመልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገባልና። እንደ ተነሣ ወዲያው ይከፈታል።

ሻጮች የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ከተጻፈለት ጉልበት ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ሊያጣ ይችላል። ለባሕር ወለል የተመረጠ ፕሮፔለር ለዚህ ሞተር ሊከብደው ይችላል፤ ምልክቱም ጥቁር ጢስ ነው። ውኃም በዚህ ከፍታ በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ቸል ማለት አይቻልም። ስለ ጢስ ካነሣን ዘንድ፤ ጥቁር ጢስ አየር ማነሱን ወይም ጭነት መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት እየነደደ መሆኑን፣ የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ደግሞ ያልነደደ ናፍጣ ወይም ውኃ መኖሩን ያመለክታል።

በሐይቆቻችን ላይ ብዙ ትናንሽ ጀልባዎች በቤንዚን ሞተር እንደሚሄዱ እናውቃለን። ናፍጣን የምናወሳው ለብዙ ሰው መጫኛ ለሚሆን ጀልባ ነዳጅ ስለሚቆጥብና ከእሳት አደጋ አንጻርም ስለሚሻል ነው። የቤንዚን ትነት በብርድም ይነሣል፤ ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ይተኛል። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ የሚቀጣጠል ትነት አይሰጥም። በበዓል ቀን ጧፍ የያዘ ምእመንና ፍም ያለበት ጽና የያዘ ዲያቆን በአንድ ጀልባ እንደሚሳፈሩ የምናውቅ ሰዎች ይህን ልዩነት ቀላል አናደርገውም። በቤንዚን ጀልባ ጽናው ሳይለኮስ ይሻገር፤ ከየብስ በኋላ ይለኮሳል።

ዘይትን በተመለከተ፣ የአምራቹ መመሪያ ቀዳሚ ሆኖ፣ ብዙ ትናንሽ የናፍጣ ሞተሮች ከ100 እስከ 250 የሥራ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየርላቸዋል። ሰዓቱ የሚታወቀው ሲመዘገብ ነው። የተቀየረውን ዘይት ወደ ሐይቁ ማፍሰስ ግን ነውር ነው። የደሴቱ ሰዎች ያንን ውኃ ይጠጣሉ፤ የባቱ ከተማም ከዚያው ይቀዳል። ያገለገለው ዘይት በጀሪካን ተይዞ ወደ ከተማ ይመለስ።

አሠልጣኝ ከየት ይገኛል? በቢሾፍቱ የባቦጋያ የማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም አሉ፤ እነርሱ የሚያሠለጥኑት ለውቅያኖስ መርከቦች ነው፤ ለአጥቢያችን ጀልባ ነጂ አይመቹም። ለእኛ የሚቀርበው በአዳማና በየከተማው ባሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የሚያስተምሩ የአውቶሞቲቭ መምህራን፣ ከእነርሱም ጋር የወፍጮና የመስኖ ፓምፕ መካኒኮች ናቸው። በመቂና በባቱ ዙሪያ አትክልት የሚያጠጣው ፓምፕ፣ በገጠር ደብር ግቢ የሚሠራው ወፍጮ፣ የደሴቱ ጀልባ፣ ሦስቱም በአንድ ሕግ ይሠራሉ። ሐይቅ የሌላቸው አጥቢያዎችም ፓምፕ ወይም ወፍጮ ካላቸው ይህ ሥልጠና ይመለከታቸዋል።

አንድ ሰው ብቻ ማሠልጠን አይበቃም። ቅዳሴ በአንድ ካህን አይቀደስም፤ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። ጀልባም አንዱ ሲታመም ወይም ሥራ አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሌላው ሊተካው ይገባል። ከደሴቱ ነዋሪዎች ሁለት፣ ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው ቢሠለጥኑ እንመክራለን፤ የጉባኤው አባል ሞተር ባይነዳም የመዝገቡን ሰዓት አንብቦ የዘይቱን ወጪ የሚያጸድቀው እርሱ ነውና። በበጀቱም ላይ የሥልጠናው ወጪ፣ ሁለት የናፍጣ ፊልትሮ፣ አንድ ቺንጋ፣ አንድ የፓምፕ ጎማ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያና ሁለት መቅዘፊያ ይስፈሩ። መቅዘፊያዎቹን አትርሱ።

ሻጩ ጀልባውን ሲያስረክብ ፊርማው ከመፈረሙ በፊት አንድ ፈተና ይደረግ። ጀልባው በዳርቻው ታስሮ ሞተሩ ይነሣ፤ የናፍጣው መክፈቻ ይዘጋ፤ የፊልትሮዋ ብሎን ላልታ አየር ይግባ፤ ሞተሩም ይቁም። ከዚያ ሠልጣኙ ማንም ሳይረዳው አየሩን አስወጥቶ ያስነሣው። ኮሚቴው ቆሞ ይመልከት፤ ሞተሩ ካልተነሣ ርክክቡ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር።