ሲቪ፦ ቦንጋ ላይ ይጻፋል፣ ሌላ ቦታ ይነበባል

እንደ ሌሎቹ የዞን ከተሞች ሁሉ የካፋዋ ቦንጋም ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ላሚኔሽንና የኮምፒውተር ጽሕፈት በአንድ ጠባብ ክፍል የሚሸጥባቸው ሱቆች አሏት። ተመራቂው «ሲቪ ላሠራ ነበር» ብሎ ሲገባ ብዙ ጊዜ ባዶ ገጽ አይከፈትለትም። የሚከፈትለት ከእሱ በፊት የመጣ ሰው ሲቪ ነው። ስሙ ይቀየራል፣ ስልኩ ይቀየራል፣ የትምህርት ክፍሉ ይቀየራል፤ የቀረው እንዳለ ይታተማል። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድንም በግልም መሥራት የምችል» የሚለው አይነካም። «መጽሐፍ ማንበብና እግር ኳስ ማየት» የሚለውም፣ ባለቤቱ ኳስ ይውደድም አይውደድ፣ ባለበት ይቀመጣል።

ዋጋው ርካሽ ነው፣ ጊዜም ይቆጥባል። ችግሩ የሚመጣው አርባ ሲቪ ጠረጴዛው ላይ የተከመረበት ቀጣሪ ዘንድ ነው። ከአርባው ሠላሳው አንድ ዓይነት ቃል ከተናገረ፣ ማንን ለቃለ መጠይቅ እንደሚጠራ ወረቀቱ አይነግረውም።

ስለዚህ ወረቀቱን ከሥራው እንተዋወቀው። ሲቪ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው ዲግሪው፣ ትራንስክሪፕቱና የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። ማመልከቻም አይደለም፤ ማመልከቻው «ለዚህ መደብ ልወዳደር» ብሎ የሚጠይቀው ደብዳቤ ነው። ሲቪ አንድ ወይም ሁለት ገጽ የሆነ ማጠቃለያ ሲሆን ሥራውም አንድ ነው፦ የማያውቅህ ሰው «ይህን ልጅ ጠርቼ ላነጋግረው» እንዲል ማድረግ። ሥራ አያስገኝም፤ ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ያስጠራል። ከዚያ በኋላ ያለው የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ካፋ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሲቪዬን ማን ያነበዋል?» ብሎ ነው። ምክንያቱም አንባቢው ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው መንግሥት ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ቦንጋ የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች፤ በዞንና በወረዳ መሥሪያ ቤቶች ላይ የክልል ቢሮዎች ተጨመሩ። የሥራ ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ ደመወዙ፣ የሚፈለገው የትምህርት ዓይነት፣ የሥራ ልምዱ፣ የሚፈለገው ሰው ብዛትና የምዝገባው ቀን ተዘርዝሮ ይወጣል። «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ቅረቡ» ይላል። መዝጋቢው የሚያየው የትምህርት መስኩ ከማስታወቂያው ጋር ቃል በቃል መግጠሙን፣ ልምዱ ከተጠየቀው ዓመት አለማነሱን፣ ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለተመረቀ ሰው የመውጫ ፈተናው ውጤትም ይታያል። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ አንዳንዴም የተግባር ፈተና ይከተላል።

በዚህ መንገድ ላይ ሲቪ ቢያያዝ አይጎዳም፤ ነገር ግን የሚወስነው እሱ አይደለም። እውነቱን ለመናገር «ሲቪዬ አላምር ብሎ ነው ያልተጠራሁት» የሚሉ ብዙ ወጣቶች የወደቁት ሌላ ቦታ ነው። ወይ የትምህርት መስካቸው ስም ከማስታወቂያው ጋር አልገጠመም፣ ወይ የልምድ ደብዳቤያቸው ጎደሎ ነበር፣ ወይ ምዝገባው አልፎባቸዋል። ለዜሮ ዓመት መደብ የሚወዳደር ተመራቂ ለሲቪው ቅርጽ ሁለት ሌሊት ከሚያጠፋ ለጽሑፍ ፈተናው ቢያነብበት ይሻለዋል።

ሁለተኛው አንባቢ ከመንግሥት ውጭ ያለው ነው። እዚህ ሲቪ ይወስናል። ባንኮች አሉ፤ የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ፤ ውሽውሽ ላይ የሻይ ልማቱ አለ፤ የግል የቡና እርሻዎች አሉ። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንደ ጀርመኑ ናቡ ያሉ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችም ሥራቸው እዚሁ ነው። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ሲቪውን በኢሜይል ይቀበላሉ፤ የሚያነበው ሰው አዲስ አበባ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ቦንጋን አይቷት አያውቅ ይሆናል። አመልካቹንማ ጭራሽ አያውቀውም።

ይህ ሩቅ አንባቢ የመጀመሪያውን ገጽ ላይኛውን እኩሌታ ያያል፣ ወደ ታች በዓይኑ ይሮጣል፣ ከዚያ ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ክምር ያስቀምጠዋል። እንግዲህ ላይኛው እኩሌታ ላይ መቀመጥ ያለበት ለዚያ መደብ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ብዙ ሲቪዎች ግን ይህን ውድ ቦታ ለጾታ፣ ለሃይማኖት፣ ለጋብቻ ሁኔታ፣ ለቁመትና «የጤና ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ» ለሚል መስመር ይሰጡታል። ማስታወቂያው ካልጠየቀ በቀር እነዚህ ሁሉ ይውጡ። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ የሚኖሩበት ከተማ፤ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የካፋ ልጅ ሲቪ ውስጥ በብዛት የሚቀረው ካፋ ራሱ ነው። የተቀዳው ናሙና ከሌላ አገር የመጣ ነውና ለንብ፣ ለጫካ ቡና፣ ለእንሰት፣ ለቦንጋ በግ ቦታ የለውም። ተመራቂውም «ይህማ የቤተሰብ ሥራ ነው፣ ልምድ አይባልም» ብሎ ይተወዋል።

በጉን ምሳሌ እናድርግ። የቦንጋ በግ በአገሪቱ ከታወቁት የበግ ዝርያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ ከተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ እንደ አዲዮ ባሉ ወረዳዎች አርቢዎቹ ራሳቸው አውራ በግ የሚመርጡበትን የማኅበረሰብ እርባታ ጀምሯል። አሠራሩ በመዝገብ ላይ የቆመ ነው፦ ግልገል ሲወለድ ይመዘናል፣ ጡት ሲጥል ይመዘናል፣ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል፤ የትኛው አውራ ለዘር እንደሚቀርና የትኛው ለገበያ እንደሚወጣ በዚያ ይለያል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ መዝገብ ሲይዝ ያደገ አንድ የእንስሳት ሳይንስ ተመራቂ እንዳለ እናስብ። ሲቪው ላይ የጻፈው ይህ ነው፦

«በእንስሳት እርባታ ዙሪያ በቂ ልምድ አለኝ።»

አንባቢው ከዚህ ምንም አያገኝም። ያንኑ እውነት እንዲህ ቢጽፈውስ?

«በመንደራችን የበግ አርቢዎች ማኅበር ለሁለት ዓመት መዝገብ ያዥ ነበርኩ። የስምንት አባወራዎችን ግልገሎች በልደት፣ ጡት በመጣልና በስድስት ወር እየመዘንኩ መዝግቤያለሁ። የወረቀት መዝገቡን ወደ ኤክሴል አስገብቼ ለአውራ በግ መረጣ ኮሚቴው አቅርቤያለሁ።»

ሁለተኛው ላይ «ታታሪ» የሚል ቃል የለም። ግን ሰውዬው ሚዛን ይዞ እንደሚያውቅ፣ መዝገብ እንደማይሰለቸው፣ ኤክሴል እንደሚችል፣ ከአርሶ አደር ጋር እንደሚግባባ አንባቢው በራሱ ይደርስበታል። ሲቪ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የሠሩትን ግስ፣ የነኩትን ነገር፣ የሚያውቁትን ቁጥር ያስቀምጡና ምስጋናውን ለአንባቢው ይተዉለት። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም። ስምንት አባወራ እውነት ከሆነ፣ «በርካታ አባወራዎች» ከሚለው ይበልጣል።

የሒሳብ አያያዝ ተመራቂዋም እንዲሁ ናት። በቡና ወቅት በመሠረታዊ ማኅበሩ ሚዛን አጠገብ ተቀምጣ ከአርሶ አደሩ የሚመጣውን ጀንፈል ኪሎ እየመዘገበች፣ ደረሰኝ እየቆረጠች፣ ማታ ጥሬ ገንዘቡን ከደረሰኙ ጋር ካስታረቀች ሒሳብ ሠርታለች ማለት ነው። ወሩንና የሥራውን ዓይነት ትጻፈው። ያልሠራችውን ግን አትጨምር፤ ቃለ መጠይቁ ላይ «በሒሳቡ ላይ ልዩነት ሲገኝ ምን ታደርጊ ነበር?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው አይጠፋም።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ተብሎ የሚያልቅ የካፋ ልጅ ሲቪ ሳይ ይገርመኛል። ካፊኖኖ የት ሄደ? ከአርሶ አደር ጋር የሚሠራ ፕሮጀክት፣ የጤና መረጃ ሰብሳቢ፣ የዱር ማር ገዢ ድርጅት፣ ሁሉም ቀበሌ ወርዶ በካፊኖኖ የሚያነጋግርለትን ሰው ይፈልጋል። ከሌላ አካባቢ የመጣ አመልካች የማይበልጥበት አንድ መስመር ቢኖር ይህ ነበር፤ እሱኑ ናሙናው ይውጠዋል። ሲጻፍም «በጣም ጥሩ» ብቻ አይበቃም። «አፌን የፈታሁበት፤ ስብሰባ መምራትና መጠይቅ ማስሞላት እችላለሁ» ቢባል አንባቢው ይረዳዋል።

ሌላው የኛ አገር ሲቪ ልዩ ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ የዲግሪው እንግሊዝኛ 2023 ይላል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሥራ ይጀምርና ሲቪው ላይ «ዲግሪ፦ 2023፤ ሥራ፦ ከ2016 ጀምሮ» ብሎ ያስቀምጣል። አዲስ አበባ ያለው አንባቢ ምናልባት ይገባዋል። ናይሮቢ ወይም በርሊን ያለው ግን ልጁ ከመመረቁ ሰባት ዓመት በፊት ሥራ እንደጀመረ አድርጎ ያነበዋል፤ ወይ ተሳስቷል ይላል፣ ወይ ዋሽቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ሲቪ ሙሉውን እ.ኤ.አ.፣ በአማርኛ የሚጻፈው ሙሉውን ዓ.ም. ይሁን። ሲቀይሩም «ሰባት ወይስ ስምንት?» የሚለውን ወሩ ይወስናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት።

የስም ፊደልም ያው ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዲግሪው ላይ አንድ፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ ሌላ፣ ሲቪው ላይ ሦስተኛ እየሆነ ሰው ያስቸግራል። ዲግሪውን ይከተሉ። ኢሜይሉ በራስ ስም ይሁን፤ የትምህርት ቤት ቅጽል ስም ለጓደኛ ይቅር።

«ሲቪ ምን ይሠራል፣ ሰው ከሌለህ?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ነገር ግን ዘመድ ያለውም ቢሆን ዘመዱ «እስኪ ሲቪውን ላክልኝ» ይለዋል። ያን ጊዜ የሚልከው ወረቀት ደካማ ከሆነ ዘመዱንም ያሳፍራል።

ምስክር አድርገው የሚጽፉትን ሰው አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ መምህር ቢሆን፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቢሆን ስልክ ሲደወልለት እንዳይደናገጥ። ሐሰተኛ ማስረጃን ማጣራት በየመሥሪያ ቤቱ ተደጋግሞ እየተካሄደ ስለሆነ፣ የሌለ ዲግሪና የሌለ ልምድ ከዓመታት በኋላም ተገኝቶ ከሥራ ያስወጣል። ፋይሉ ፒዲኤፍ ይሁን፣ ስሙም የባለቤቱና የመደቡ። በቴሌግራም የሚዞር ማስታወቂያ «ለምዝገባ ይህን ያህል ብር ላኩ» ካለ ሥራ ሳይሆን ሌባ ነው።

አሁን የሚሠሩም ይህን ይወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሦስት ወር የቡና ወቅት ሥራም ቢሆን፣ ከግቢው ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁና ተቀበሉ።