ፋብሪካው ሄደ፣ አፈሩ ቀረ

በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ በናያጋራ ፎልስ ከተማ፣ ተጀምሮ የተተወ አንድ የውሃ ቦይ ነበር። ሁከር ኬሚካል የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ 21,000 ቶን ገደማ የኬሚካል ዝቃጭ ቀበረበት። ከዚያም በሸክላ አፈር ሸፍኖ በ1953 ለከተማዋ የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር አስረከበው። ከሥር ኬሚካል መኖሩ በውሉ ላይ ተጽፏል። ያም ሆኖ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ ዙሪያውም መኖሪያ ሰፈር ሆነ። ለግንባታ ሲቆፈር ሽፋኑ ተቀደደ፣ ዝናብ ሰረገበት፣ መርዙም እያሳሳቀ ወደ ቤቶቹ ምድር ቤት ደረሰ። በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ሰፈሩን ለቀቁ። ላቭ ካናል የሚባለው ይህ ቦታ፣ የተበከለ የኢንዱስትሪ መሬት እንዴት ይጸዳል የሚል ጥያቄ ሲነሳ እስካሁን ይጠቀሳል።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ባለሙያዎች አንድ መሬት አደገኛ ነው ከማለታቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ የመርዙ ምንጭ ምንድን ነው? በየት በኩል ይጓዛል? ማን ላይ ይደርሳል? እርሳስ ያለበት አፈር በአስፋልት ሥር ሲዘጋና ሕፃናት ሲጫወቱበት አደጋው አንድ አይደለም። ለመጋዘን የበቃ መሬት ለጓሮ አትክልት ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ቦታው “ጸድቷል” ሲባል፣ “ለምን አገልግሎት?” ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሥራው ከመዝገብ ቤት ይጀምራል። ፋብሪካው ምን ያመርት ነበር? ታንኮቹ የት ነበሩ? ዝቃጩስ የት ይደፋ ነበር? ይህን ብዙ ጊዜ በደንብ የሚያስታውሱት የድሮ ሠራተኞች ናቸው። ቆዳ ፋብሪካ ከነበረ ክሮሚየም፣ ማቅለጫ ከነበረ እርሳስና ካድሚየም፣ የከሰል ጋዝ ማምረቻ ከነበረ ሬንጅ ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ የአፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በካዮቹ ጠባያቸው ይለያያል። ናፍጣ በከርሰ ምድር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የብረት ቅባት ማጽጃው ትራይክሎሮኢቲሊን ግን ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ ፈልጎ ማግኘቱም አስቸጋሪ ነው።

ምንጩን ማድረቅ

ቀጥተኛው ዘዴ አፈሩን ዝቆ ወደ ተፈቀደ መጣያ መውሰድ ነው። ፈጣን ነው፤ ግን መርዙን ከሰፈር ሰፈር ከማዛወር ብዙም አያልፍም። አፈርን ማጠብ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አብዛኛው በካይ የሚጣበቀው ከደቃቁ ጭቃ ጋር ስለሆነ፣ አሸዋውና ጠጠሩ ታጥበው ሲለዩ የሚጣለው ጥቂት ይሆናል። ለንደን ለ2012 ኦሎምፒክ ስትዘጋጅ፣ በሊ ወንዝ ሸለቆ የነበረውን የድሮ የኢንዱስትሪ ሰፈር ያጸዳችው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። ወደ 2 ሚሊዮን ቶን አፈር ተቆፍሮ አብዛኛው ከጸዳ በኋላ እዚያው ጥቅም ላይ ዋለ።

ለነዳጅና ለዘይት ደግሞ ባክቴሪያ አለ። አየርና ምግብ ካገኘ ቀስ እያለ ይበላቸዋል። ብረት ነክ መርዞችን ግን ባክቴሪያ በልቶ አይጨርሳቸውም። አርሴኒክን ከአፈር መጥጠው በቅጠላቸው የሚያከማቹ፣ ፈርን የሚባል ተክል ዝርያዎች አሉ፤ ነገር ግን ሥራቸው ዓመታት ይፈልጋል፤ የታጨደው ቅጠልም ራሱ በጥንቃቄ መወገድ አለበት።

መንገዱን መዝጋት

ምንጩን ማውጣት ካልተቻለ መንገዱ ይዘጋል። አፈሩን ከሲሚንቶ ጋር አቡክቶ ማጠንከር፣ በሸክላና በፕላስቲክ መሸፈን፣ የተበከለውን ውሃ በፓምፕ እያወጡ ማጣራት የተለመዱ ናቸው። የከርሰ ምድር ውሃው በሚያልፍበት ቦታ የብረት ድቃቅ ግድግዳ መቅበርም ይቻላል፤ ውሃው ሰርጎ ሲያልፍ ብረቱ መርዙን ይሰብረዋል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ቤት ሲሠራ ከወለሉ ሥር ጋዝ የማያሳልፍ ንጣፍ ይዘረጋል።

የጃፓኗ ሚናማታ የዚህ ትልቅ ምሳሌ ናት። ቺሶ የተባለው ፋብሪካ የለቀቀው ሜርኩሪ ባሕሩን መርዞ፣ ዓሣ በሚበሉ ሰዎች ላይ ያስከተለው በሽታ በ1956 ታወቀ። ከ1977 እስከ 1990 ድረስ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ደለል ተጠርጎ ወይም ባለበት ተከልሎ 58 ሄክታር አዲስ የብስ ተፈጠረ። ዛሬ ፓርክ ነው፤ ሜርኩሪው ግን ከሥሩ አለ።

በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ያለው ጋዝ ወርክስ ፓርክም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። ከ1906 እስከ 1956 ጋዝ ሲያመርት የኖረው ቦታ በ1975 የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። ንድፍ አውጪው ሪቻርድ ሃግ የዛጉትን የብረት ማማዎች ሳያፈርስ አፈሩን በባክቴሪያ ለማከም ሞከረ። ሰው ሣሩ ላይ ይዝናናል፤ አጠገቡ ያለው የሐይቅ ደለል ግን ስለተበከለ ከፓርኩ ዳርቻ መዋኘት ክልክል ነው።

ማን ይክፈል?

ላቭ ካናል አሜሪካን በ1980 ሱፐርፈንድ የሚባለውን ሕግ እንድታወጣ አደረገ። መርሁ የበከለ ይክፈል ነው። በካዩ ሲከስር ወይም ሲጠፋ ግን ወጪው ከልዩ ፈንድ ይሸፈናል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የሒሳብም ጉዳይ ነው፤ ዝቃጭን በጊዜው ማከም፣ ከሰረገ በኋላ ከማሳደድ በእጅጉ ይረክሳል።

ኢትዮጵያም ይህን ታውቀዋለች። በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበትን ፀረ ተባይ ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በተጀመረው ፕሮጀክት፣ 1,500 ቶን ገደማ ኬሚካል ተሰብስቦ ለማቃጠል እስከ ፊንላንድ ተጭኗል። በአቃቂ ወንዞች ዳር ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ጉዳይ ደግሞ ገና ነው። ከተማ ሲሰፋ አሮጌ ፋብሪካ ለሕንጻ ቦታ መልቀቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ገዢው ከቦታው ካርታ ጋር የአፈሩንም ታሪክ ሊረከብ ይገባል፤ ቤት የሚሠራው፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍረውና ጎመን የሚተክለው እሱ ነውና።

የላቭ ካናል ዝቃጭ አልወጣም። በአዲስ ሽፋን ታፍኖ፣ በአጥር ተከልሎ እዚያው ተቀብሯል፤ ከሥሩ የሚጠራቀመው ውሃም እየተቀዳ ይጣራል።