የደጋው ትንሽ ቀንድ አውጣና የጉበት ትል

በዘመሮና በአካባቢው ደጋ በግ የሚያረባ ገበሬ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ከመንጋው አንዳንዶቹ ሲከሱ፣ የዓይናቸው ቆብ ውስጡ ሲነጣና ከመንጋጋቸው ሥር ውኃ ሲቋጥሩ ያያል። ሲታረዱ ጉበታቸው ውስጥ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ይገኛል። ይህ የጉበት ትል ከበግ ወደ በግ በቀጥታ አይተላለፍም። ከበጠጥ ጋር የወጣው እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩ በአንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ አካል ገብቶ ለሳምንታት ከተራባ በኋላ ወጥቶ በጨፌ ሣር ላይ ይለጠፋል፤ በጉም ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ቀንድ አውጣው በሌለበት በሽታው አይኖርም።

ይህ የደጋ ቀንድ አውጣ በመጻሕፍት ለብዙ ዘመን ጋልባ ትሩንካቱላ ሲባል ቆይቷል። ስሙ ሙለር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1774 ለአውሮፓው ቀንድ አውጣ ያወጣው ነው። የእኛውም ቡናማ፣ ሹል፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ አንድ ዝርያ ነው መባሉ አያስነቅፍም። ዓይን ከዚህ የተሻለ ሊፈርድ አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ግን ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የተሰበሰቡ ቀንድ አውጣዎችን በዘረ መል ዘዴ መረመረ። ዘዴው እንዲህ ነው። በሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በአራት ፊደላት እንደ ተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ሊታሰብ ይችላል። የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ ግድፈት እንደሚገባ ሁሉ፣ ይህም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ሁለት ወገኖች ሳይዳቀሉ ብዙ ዘመን ከኖሩ የየራሳቸው ግድፈት ይከማቻል፤ ልዩነቱም ሲቆጠር መቼ እንደ ተለያዩ ይገመታል።

በውጤቱም ከሰሐራ በስተደቡብ የተገኙት ሁሉ ሌላ ዝርያ ሆነው ተገኙ። በዚህ ጥናት የአውሮፓው ዝርያ በአፍሪካ የታየው በሞሮኮ ብቻ ነው። ለእኛው የተመረጠው ጋልባ ምዌሩኤንሲስ የሚለው፣ ኮኖሊ እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው ነባር ስም ነው። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንዛኒያና የሌሶቶ ተራሮች ቀንድ አውጣዎች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ ለረጅም ዘመን እንደ ደሴት ተነጣጥለው ኖረዋል። አያቶቻቸው ወደ አፍሪካ የመጡት ምናልባት በወፎች አማካይነት እንጂ በሰውና በከብት አይደለም። (ቀንድ አውጣው ጭቃ ላይ ከሚልሰው ዝልግልግ ውስጥ ያሉት፣ መስታወት የመሰለ ልባስ ያላቸው ዲያቶሞችም እንዲሁ ናቸው፤ በልባሳቸው ቅርጽ አንድ የተባሉት በዘረ መል ሲታዩ ብዙ ሆነዋል።)

የስም ለውጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን በራሪ ጽሑፍ ማዘጋጀት ባላስፈለገ። ነገሩ የመድኃኒት ነው። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው፤ ትሪክላቤንዳዞል ታዳጊውንም ይገድላል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በጋራ ገንዘብ የገዛው መድኃኒት የሚጠቅመው በትክክለኛው ወር ሲሰጥ ነው፤ ወሩን የሚወስነው ደግሞ ቀንድ አውጣው እጩን ወደ ሣሩ የሚለቅበት ጊዜ ነው። ብዙዎቹ የወር ስሌቶች መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1959 በብሪታንያ ኦለረንሾና ሮላንድስ የሠሩት ሲሆን፣ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እድገት ይቆማል የሚለውም ከአውሮፓው ቀንድ አውጣ የተወሰደ ልክ ነው። የመንዝ ደጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህ ልኩ በእኛው ቀንድ አውጣ፣ በእኛው ምንጭ ዳር እንደገና መለካት አለበት።

እስከዚያው ድረስ መንጋውን ከምንጭ ዳርና ከጨፌ ማራቅ፣ ውኃውን በገንዳ ማጠጣት፣ የጨፌ ድርቆሽም በሚገባ ሳይደርቅ አለመስጠት በየትኛውም ስም የሚሠራ ምክር ነው። ወደ መርሐቤቴ ቆላ ሲወረድ የሚገኘው ተለቅ ያለ ቀንድ አውጣ ሌላ ዓይነት የጉበት ትል ስለሚያስተላልፍ ከዚህኛው ጋር አይደባለቅ።

የልማት ሠራተኛው በየወሩ አንድ ምንጭ መርጦ ቢቆጥር ታላቅ እገዛ ነው። ሹሉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስ አድርጎ ሲይዙት ቀዳዳው በግራ ከሆነ የምንፈልገው አይደለም። በቀኝ ከሆነ በወረንጦ ተነሥቶ 95 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ይቀመጥ። ፎርማሊን ዲኤንኤውን ስለሚያበላሽ አይጠቀሙበት። የቀበሌው፣ የምንጩ፣ የከፍታውና የቀኑ ጽሑፍ በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።