የሶፍትዌር ፈቃድ ኮድና ከሕገ ወጥ ቅጂ የሚጠበቅበት ዘዴ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ከደፉ በኋላ ደብዳቤዎቻቸው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» በሚል ቃል የሚጀምር ማኅተም ያርፍባቸው ነበር። ማኅተሙን ማንም አይቶ ይለየዋል፤ ሊያትም የሚገባው ግን ማተሚያውን የያዘው ብቻ ነው። ዛሬ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጅቶ የሚሸጥ ባለሙያ የሚሻው ጥበቃም ከዚህ የራቀ አይደለም። እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉት የፊደላችን መጻፊያ ፕሮግራሞች በአገር ልጆች ዕውቀት የተሠሩ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ጉዳዩ የውጭ ኩባንያዎች ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የፈቃድ ኮድ ማለት ገዢው ዋጋውን ሲከፍል የሚሰጠውና ፕሮግራሙን ለሥራ የሚከፍተው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። በቀድሞው አሠራር ፕሮግራሙ ኮዱን የሚመረምረው በአንድ ምስጢራዊ ስሌት ነው። ጉድለቱም ከዚሁ ላይ ይገኛል። ስሌቱ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ስለሚሸጥ፣ ፕሮግራሙን ፈትቶ የሚያነብ ሰው ምስጢሩን አግኝቶ የፈለገውን ያህል ኮድ ያመርታል። ይህም በሩን ቆልፎ ቁልፉን ከደጃፍ እንደ መተው ነው።

ለዚህ መፍትሔ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሊቃውንት ከደረሱበት ባለሁለት ቁልፍ ስሌት ነው። አዘጋጁ የገዢውን ስምና የፈቃዱን ዘመን ከቢሮው በማይወጣ የምስጢር ቁልፍ ያትማል፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው የማረጋገጫው ቁልፍ ብቻ ነው። በዚህኛው ቁልፍ የታተመውን ማመሳከር እንጂ አዲስ ማተም አይቻልም።

ሆኖም ዘዴው ፍጹም ነው ማለት አይደለም። ኮድ መፈብረክ የተሳነው ሰው «ኮዱ ትክክል ነውን?» ብሎ የሚጠይቀውን ትእዛዝ ራሱን ከፕሮግራሙ ቆርጦ ሊያወጣው ይችላል። ምርመራውን በልዩ ልዩ ስፍራ መደጋገም ድርጊቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ፈቃዱን በየዕለቱ በኢንተርኔት ማረጋገጥን የሚመርጡም አሉ። መብራትና መስመር በሚቋረጥበት አካባቢ ግን ይህ የከፈለውን ደንበኛ ከሥራው የሚያግድ፣ ትእዛዙን ቆርጦ የጣለውን ሌባ ግን ከቶ የማይነካ አሠራር ነው። ስለዚህ መስመር ቢጠፋም ለጥቂት ሳምንታት የሚያሠራ የፋታ ጊዜ መስጠት ይገባል።

የቀረው የሕግ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጻሕፍት ጎን ቆጥሮታል። ዐዋጁ የታተመን ሥራ ለግል መገልገያ በአንድ ቅጂ ማባዛትን ሲፈቅድ፣ ፕሮግራምን ከዚህ ነጻነት ያወጣዋል፤ ሕጋዊው ባለቤት መጠባበቂያ ቅጂ ቢይዝ ግን አይከለከልም። የታተመው ኮድ በዚህም ረገድ ይጠቅማል፦ የገዢውን ስም ስለሚይዝ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ቢገኝ ለማን ተሰጥቶ እንደነበር ያሳያል።